የጓሳ ክዳን

አዲስ አበባ በሚገኘው ቤቴ፣ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ጌሳ ተሰቅሏል። ጌሳ ምን እንደሆነ የማያውቅ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይጠይቀኛል፤ እኔም መልሱን ከልምድ ብዛት እንደ ዳዊት እወርድለታለሁ። «የመንዝ ሰው የዝናብና የብርድ ልብስ ነው። ከጓሳ ሣር ይጎነጎናል። አያቴ ይለብሱት ነበር። ጓሳ የእኛ አገር ነው፤ አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጠብቀው ያቆዩት የሣር ምድር…» እንግዳው ይደነቃል። እኔም በእርሱ መደነቅ እኮራለሁ። ይህ ነገር በቤቴ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይጓደል ሲደጋገም ኖሯል።

ዛሬ ያንን መልስ እንደ ድሮው መስጠት አልችልም። ለምን እንደማልችል ልንገራችሁ።

በመጋቢት 2015 ዓ.ም. አክስቴ ስልክ ደወሉ። የአባታቸው፣ ማለትም የአያቴ ቤት ጣራ ማፍሰስ ጀምሯል። የአጎቶቼ ልጆች «ቆርቆሮ እንምታበት» ብለዋል፤ አክስቴ ደግሞ «እኔ በሕይወት እያለሁ በዚህ ቤት ላይ ቆርቆሮ አይወጣም» ብለዋል። «አንተ የተማርክ ነህ፤ ና ዳኘን» አሉኝ። የተማረ ሰው ስለ ጣራ ምን ያውቃል? ነገር ግን ገንዘቡን የምልክ እኔ ስለሆንኩ፣ ዳኝነቱም ወደ እኔ መጣ።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና የሚወስደውን አስፋልት ይዞ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ሁለት ዓለም ይገጥመዋል። በስተቀኝ ምድር ድንገት ተቆርጣ ወደ ይፋት ቆላ ትወርዳለች፤ ከገደሉ ሥር የሚነሳው ጉም ሲያሻው መኪናውን ይውጠዋል፣ ሲያሻው ደግሞ ተገፎ ያንን ሁሉ ጥልቀት ያሳያል። ወደ መንዝ የሚሄደው ግን አይወርድም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ዋሻ ሳይደርስ ወደ ግራ ይታጠፍና ከፍታውን ይዞ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ያመራል። ዛፍ እየሳሳ፣ ድንጋይ እየበዛ፣ ሰማይ እየቀረበ ይሄዳል።

መንዝ ማለት ከፍታ ነው። በምሥራቅ በኩል ገደሉ፣ በምዕራብና በደቡብ እነ ወንጭትና ሞፈር ውኃ የቆረጧቸው ሸለቆዎች አጥረውት ራሱን የቻለ ደሴት መስሎ የቆመ አገር ነው። የአገሩ ሰው ማማ፣ ላሎ እና ጌራ ብሎ በሦስት ይከፍለዋል። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረጋቸውን የሚቆጥሩለት ነጋሲ ክርስቶስ የተነሳው ከዚሁ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ለመንዝ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ያንን ምዕራፍ አንብቤ፣ የአያቴ አገር በእንግሊዝኛ መጻፉን በማየቴ ብቻ ለአንድ ሳምንት ያህል ቁመቴ የጨመረ መስሎኝ ነበር።

ጓሳ ደግሞ የዚህ ከፍታ ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ላይ የተንጣለለ፣ ስፋቱ 110 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የሣር ምድር። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። የጓሳ ሣር እንደ ሜዳ ሣር መሬቱን እኩል አይሸፍንም፤ ጉች ጉች ብሎ፣ እያንዳንዱ ጉቻ እንደ ፀጉረ ጨብራራ ራስ ሆኖ ይበቅላል። በመካከሉ ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦ አለ፤ ማገዶው እርሱ ነው። እዚህም እዚያም ጅባራ እንደ ዘበኛ ብቻውን ይቆማል። በልጅነቴ ጉም ሲለብስ ጅባራውን ሰው እየመሰለኝ እፈራው ነበር።

ይህ ሣር ለዓይን ብቻ አይደለም። ከምሥራቅ በኩል የሚወጣውን ጉምና የሚወርደውን ዝናብ በጉቻው እየያዘ፣ ወደ ሥሩ እያሰረገ፣ በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቅቀዋል። የጓሳ ጫፍ የውኃ መለያያ ነው። በምሥራቁ ተዳፋት ላይ የወደቀች ጠብታ በእነ ጀውሃና በእነ አታዬ ወንዝ በኩል አዋሽ ትገባለች፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከዚያች ጠብታ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ በምዕራቡ ላይ የወደቀችው ግን በጀማ አድርጋ አባይ ትገባለች፤ ሱዳንን ግብጽን አቋርጣ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ መንገድ አላት። አያቴ ይህንን በካርታ አላዩትም፤ ግን ያውቁት ነበር። በጫፉ ላይ ቆመው በአንድ እጃቸው ወደ ቆላው፣ በሌላው ወደ ደጋው እያመለከቱ «ይኸኛው ለግመል፣ ይኸኛው ለምስር ሰው» ይሉኝ ነበር።

የመንዝን አየር «ብርድ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ በቀን ፀሐይዋ ፊት ትልጣለች፣ ሌሊት ግን ውኃ በእንስራ ውስጥ ይጋገራል። ጠዋት ሣሩ ላይ የተዘረጋው አመዳይ ከሩቅ ሲያዩት ጤፍ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ለገበሬው ግን ያ ነጭ ነገር ሞት ነው፤ ባቄላው አብቦ ሳለ አንድ ሌሊት ውርጭ ከመታው፣ ጠዋት የፈላ ውኃ የተደፋበት መስሎ ጠቁሮ ይገኛል። ዝናቡ ሁለት ነው፤ በልግና ክረምት። በከፍተኛው ደጋ የክረምቱ ውኃ መሬቱን ስለሚያጨቀየውና ብርዱና በረዶው ሰብሉን ስለሚመታው፣ ብዙ ሰው ተስፋውን የሚጥለው በበልጉ ገብስ ላይ ነው። በልግ ከቀረ ዓመቱ ቀረ። አክስቴ «በልግ ድሮ እንግዳ አልነበረም፤ ቤተኛ ነበር። አሁን ግን እንደ ባለሥልጣን ሆኗል፤ ይመጣል ይባላል፣ አይመጣም» ይላሉ።

ገብስ የእህል ንጉሥ ነው የሚለው አባባል በሌላ አገር ተረት ሊሆን ይችላል፤ በመንዝ ግን እውነተኛ አገዛዝ ነው። ቂጣውም፣ በሶውም፣ ቆሎውም፣ ገንፎውም፣ ጠላውም ከእርሱ ነው። መሬቱ ደክሞ እምቢ ሲል አፈሩን ከምረው በኩበትና በሥራሥር አፍነው ያቃጥሉታል፤ ጓይ ይሉታል። የተቃጠለው አፈር ለአንድና ለሁለት ዓመት ያበቅልና ከዚያ ለብዙ ዓመት ይደክማል። ሰውየው ይህንን አጥቶት አይደለም፤ ልጆቹ የሚበሉት ዘንድሮ ስለሆነ ነው።

ገብስ ሆድን ይሞላል፤ ገንዘብ የሚያመጣው ግን በግ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ላቱ አጭር፣ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሌላ በግ ሊቆምበት የማይችለውን ብርድና ረሃብ የሚችል። የትምህርት ቤት ደብተር በግ ነው፤ ማዳበሪያ በግ ነው፤ ሐኪም ቤት በግ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአካባቢው አርቢዎች ተሰባስበው ምርጥ አውራ በጎችን በጋራ የሚመርጡበትና የሚያስጠቁበት ሥራ ተጀምሯል፤ ከዚያ በፊት ጥሩው ጠቦት አስቀድሞ ለገበያ እየሄደ ዝርያውን የሚያስቀረው ደካማው ነበር። ከጠጉሩ ደግሞ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ባና ይሠራሉ። ባና የማያውቅ ሰው «ኮስኳሳ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ይኮሰኩሳል። መንዝ ውስጥ ያደረ ሰው ግን ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የሚኮሰኩሰውን ልብስ እንደ እናቱ ያቅፈዋል።

ይህንን ሁሉ ተሸክሞ የቆመው ደግሞ ያ ሣር ነው። የበጉ ግጦሽ፣ የቤቱ ክዳን፣ የጭነቱ ገመድ፣ የፍራሹ ሙሌት፣ የእረኛው ጌሳ… ስለዚህም የመንዝ ሰው ከሣሩ ጋር ሕግ ነበረው። ሕጉ ቀሮ ይባላል። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚዎች ምድሩን በፈረስ ግልቢያ ተከፋፈሉት፤ ጓሳውንም ለግጦሽና ለሣር ከለሉት። ዘሮቻቸው አባ ቀራ የሚባል አለቃ እየመረጡ አስጠበቁት። ቀሮው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ተዘግቶ ሊቆይ ይችል ነበር። ሲከፈት በገበያና በቤተ ክርስቲያን ይታወጃል፤ ክረምቱ ሲገባ፣ ለሐምሌ አቦ፣ ከብቱም ሰውም ይወጣል፣ ይዘጋል። ባለሙያዎች ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ሲሰበሰቡ ቀሮን የሚያነሱት ለዚህ ነው። በአፍሪካ ውስጥ መንግሥት ሳያዝዘው፣ ፈረንጅ ሳያስተምረው፣ ማኅበረሰብ በራሱ ሕግ አንድ የሣር ምድር ለመቶ ዓመታት ያቆየበት ታሪክ ነውና።

እኔም ለእንግዶቼ የምነግረው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

መሐል ሜዳ አድሬ በማግስቱ አያቴ ቤት ደረስኩ። የድንጋይ ግድግዳው ዛሬም ጠንካራ ነው። ክዳኑ ግን በሰሜኑ በኩል ተቦድሶ ወራጁና ማገሩ ይታያል። ሽምግልናው ተጀመረ። የአጎቶቼ ልጆች ክርክር ቀላል አልነበረም። «ጓሳ የሚያጭደው ማን ነው? ወጣቱ ወይ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብቷል፣ ወይ አረብ አገር ሄዷል። ቆርቆሮ አንዴ ከተመታ አለቀ። ዝናቡንም በበርሜል እናጠራቅምበታለን። ደግሞስ ሣሩ ይጠበቅ ትሉ የለ? ቆርቆሮ የመታ ሰው ጓሳውን አያጭድም!» ይህ የመጨረሻው ነገር አፌን አስያዘኝ። አክስቴ ግን አልተንቀሳቀሱም። «ቆርቆሮ ብርዱን ከነልጁ ያስገባል። በረዶ ሲዘንብ ደግሞ ጸሎት አያስደርስም። የጓሳ ክዳን ጢሱን ጠጥቶ ይጠነክራል፤ ሌሊት ሙቀቱን አይሰጥም። እኔ የተወለድኩት ከሥሩ ነው።»

እኔም እንደ አዲስ አበባ ሰው ቀላል መፍትሔ አመጣሁ። «ጓሳ እኮ የራሳችን ነው። እኛ የጌራ ዘር ነን። ሄደን እናጭዳለን!»

ሁሉም ዝም አሉ። ከዚያ ታናሹ የአጎቴ ልጅ ሳቀ። «ጋሼ፣ አሁን ዘር አይቆጠርም። ሣር የሚያጭደው የአካባቢው ቀበሌ ነዋሪ ነው፤ እርሱም ሲከፈት፣ በተፈቀደለት ቀን። አንተ የአዲስ አበባ መታወቂያ ነው ያለህ። አንድ ሸክም ብታጭድ ጠባቂ ይይዝሃል።» ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሆዴ ውስጥ ግን አንድ ነገር ቆረጠኝ። ለሃያ ዓመት «የእኛ ጓሳ» እያልኩ ስመጻደቅበት የኖርኩበት ምድር አንድ እፍኝ ሣር አያስነካኝም።

አክስቴ ግን ነዋሪ ናቸው፤ ድርሻ አላቸው። አቅም ስለሌላቸው የሚያጭድላቸው አንድ ጎልማሳ አለ፤ ያጭዳል፣ ሣሩን እኩል ይካፈላሉ። በዚያ ዓመት ሣሩ ተከፍቶ ስለነበር፣ የእርሱን ድርሻ ጨምረን ገዝተን ትልቁን ቤት በጓሳ ልንከድን፣ ማድ ቤቱን ደግሞ ቆርቆሮ ልንመታ ተስማማን። ሽምግልናው በዚህ አለቀ። ጠላ ተጠጣ።

ማታ ሁሉም ሲሄዱ፣ አክስቴ ምድጃው ዳር ተቀምጠው ኩበቱን እየቆሰቆሱ፣ «ነገ የሚመጣው ልጅ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ እቴቴ።»

«አባባ ቤቱን ያቃጠሉበት ሰውዬ የልጅ ልጅ ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። እርሳቸውም አልቸኮሉም። ነገሩ የሆነው በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ እርሳቸው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። ሰውየው ከሌላ አገር የመጣ፣ ርስት የሌለው፣ የሰው ከብት እየጠበቀ የሚኖር ነበር። የአስቦም የጌራም ዘር ስላልሆነ ጓሳው ቢከፈትም ቢዘጋም ለእርሱ ያው ነው፤ ሣር የሚያገኘው ሰው ሲሰጠው ብቻ ነው። በዚያ ክረምት በረዶ ጣራውን ቀዳደደው። ሚስቱ ደግሞ አራስ ነበረች። በጥቅምት ውርጩ ሲጀምር፣ በሌሊት ወደ ተዘጋው ቀሮ ገብቶ ሦስት ሸክም አጨደ። የታጨደው ቦታ ተገኘ፤ አዲሱ ክዳንም በጣራው ላይ ታየ። ነጭ ሣር በጥቁር ክዳን ላይ አይደበቅም። በቀሮ ሕግ ሣር የሰረቀ ሰው ቅጣቱ እስከ ቤት መቃጠል ይደርስ ነበር። አባ ቀራው ሰው አስከተለ። አያቴ ከተከተሉት አንዱ ነበሩ። ችቦውን የያዙትም እርሳቸው ነበሩ።

«እኔ ከኋላ ተከትዬ ሄጄ አይቻለሁ» አሉ አክስቴ። «ሴትዮዋን አስቀድመው አስወጧት። ሕፃኑን ታቅፋ በውርጭ ላይ ቆመች። ቤቱ ሲነድ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ይታያል። አባባ ችቦውን ጣሉና የለበሱትን ጌሳ አውልቀው እርሷንና ልጇን አለበሷቸው። ከዚያ ማንንም ሳያናግሩ ወደ ቤት ሄዱ። ሳምንት ሳይሞላ ሴትዮዋ ጌሳውን በሰው ላከችው። አባባ ተቀብለው ሰቀሉት። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልለበሱትም።»

«የትኛውን ጌሳ?» አልኩ፤ መልሱን ግን አውቄዋለሁ።

«አንተ የወሰድከውን ነዋ፣ ልጄ።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባናው ስለኮሰኮሰኝ አልነበረም። በተቦደሰው ክዳን በኩል ኮከቦች ይታያሉ። አያቴን አውቃቸው ነበር፤ በልጅነቴ በቆሎ ያጎርሱኝ፣ ጠቦት ሲታመም ከጎናቸው ያስተኙት የነበሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰው እንዴት ችቦ ይይዛሉ? ደግሞስ ችቦ የያዘ ሰው እንዴት ጌሳውን ያወልቃል? ሁለቱን ጥያቄዎች እየለዋወጥኩ ስጠይቅ ነጋ። ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነበር። ያ ሕግ ባይጨክን ኖሮ ሣሩ ይቆይ ነበር ወይ? እንግዶቼ የሚደነቁበት አረንጓዴ ምድር የቆየው በዚያች ሴት ብርድ ነውን?

አክስቴ ስለ አዋጁም ነግረውኝ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ ርስት ቀረ፤ ከርስት ጋር ቀሮም ፈረሰ። «አዋጁ በሬዲዮ ሲነገር ያ ሰውዬ አለቀሰ፤ አባባም አለቀሱ። የተላቀሱበት ግን አንድ አልነበረም» ነው ያሉኝ። ርስት የሌለው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ መብቱ ማጭድ ይዞ ጓሳ ገባ። ሆኖም ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ገባ። ዳር ዳሩ ታረሰ፣ ጨረንፌው ተቆረጠ፣ ሣሩ አጠረ። አያቴ በሽምግልናቸው ጫፉ ላይ ተቀምጠው ወደ ጓሳው ሲመለከቱ «አለቀ» የሚሉትን ራሴ ሰምቻለሁ። እኔ ያኔ ያዘኑት ለሣሩ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አላለቀም። የአካባቢው ሰው ከየገበሬ ማኅበሩ ተወካይ እያወጣ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በኋላም ጓሳ በማኅበረሰብ የሚተዳደር ጥብቅ ሥፍራ ሆነ፤ መተዳደሪያ ደንብ፣ ጠባቂዎች፣ የእንግዳ ማረፊያም አገኘ። መዝጋትና መክፈት ከቀሮ ተወስዷል። ዘር መቁጠር ግን ቀርቷል።

በማግስቱ ከጎልማሳው ጋር ወደ ጓሳ ወጣን። እኔ ሣር እንዳልነካ ቃል ገብቼ፣ ለመሸከም ብቻ። ከፊታችን የጭላዳ መንጋ ሣር እየነጨ ይበላል፤ በመካከላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ ዝም ብሎ ይመላለሳል። ጭላዳዎቹ አልሸሹም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን አላየም። ዓይኑ አይጥ ላይ ነው። እዚሁ ጓሳ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መካከል ሆኖ ሲያድን ከመቶ ሙከራው 67ቱ ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን የሚሳካለት 25ቱ ብቻ እንደሆነ ተመዝግቧል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ቁጥር የቀረው ይህ እንስሳ፣ ከእኛ አገር ውጭ የትም የለም። ጎልማሳው ግን ጥናት አላስፈለገውም። «ዘመድ ናቸው፤ ሲለምዱ እንዲህ ነው» አለና ማጭዱን ሞረደ።

ከቀትር በኋላ አረፍ ብለን በሶ ስንበጠብጥ ደፍሬ ነገሩን አነሳሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ ግን ለእርሱ በምን ቃል፣ በማን ስም እንደምጠይቀው አላውቅም።

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ» አለኝ። «አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ያ ሕፃን አባቴ ነው።» ትንሽ ዝም አለና ቀጠለ። «እኔም ጠባቂ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንድ ክረምት የሚስቴን ወንድም ሣር ሲያጭድ አገኘሁት። ይዤ ኮሚቴ ፊት አቀረብኩት፤ ተቀጣ። አንድ ዓመት ሙሉ ቤቴ አልመጣም። ሚስቴም ኮርፋ ነበር። ምን ላድርግ? ለእርሱ ብተው ለሌላውስ?» ከዚያ ፈገግ ብሎ «ቤቱን ግን አላቃጠልንበትም» አለ።

ሌሊቱን ሙሉ የፈተነኝ ጥያቄ ለእርሱ የተፈታ መሰለኝ። ሕጉ የሚጠይቀውን ነገር ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቃል፤ የሕጉን ጭካኔ የቀመሰ ቤት ልጅ ነው፤ የሕጉንም ጠቃሚነት አልካደም። እኔ ግን ሣሩን ወርሼ ወጪውን ሳልጠይቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ጌሳው እኔ ቤት አለ» አልኩት።

ማንሳት የጀመረውን ዋንጫ መልሶ አስቀመጠው። «አለ? እስካሁን?»

«አለ።»

«አባቴ አይቶት አያውቅም። የተጠቀለለበት ጨቅላ ሳለ ነው፤ ሲነግሩት ነው የኖረው። አንድ ቀን ብታመጣለት ደስ ይለዋል። ሊለብሰው አይደለም፤ ላስቲክ አለው። እንዲያየው ነው።»

ለመስቀል ይዤው እንደምመጣ ቃል ገባሁ። ሣሩን ተሸክመን ወረድን። ከዳኞች ተጠርተው በአራት ቀን ትልቁ ቤት ተከደነ፤ ማድ ቤቱም ቆርቆሮ ተመታ። በመጨረሻው ቀን አክስቴ ወጥተው ሁለቱን ጣራዎች ተራ በተራ አዩና «ይሁን፤ ሙሽራና ሚዜ መስለዋል» አሉ።

መስቀል ሳይደርስ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የትጥቅ ግጭት ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ጌሳውን ጠቅልዬ ሁለት ጊዜ ተነሳሁ፤ ሁለት ጊዜም ከደብረ ብርሃን ተመለስኩ። የስልክ መስመር ሲገኝ ብቻ እንገናኛለን። እኔ ስለ ሰላሙ እጠይቃለሁ፤ አክስቴ ስለ ጣራው ይመልሳሉ። ጣራው አያፈስም። በጉ ወልዷል። በልጉ ዘግይቷል።

ጌሳው ዛሬም ግድግዳዬ ላይ ነው። እንግዶች አሁንም ይጠይቁኛል፤ መልሴ ግን ረዝሟል፤ አንዳንዱ እንግዳ ሳይጨርስ ርዕስ ይለውጣል። «አያቴ ይለብሱት ነበር» ማለት ትቻለሁ። የሚሉኝ ቢያጡ «የሰው ዕቃ ነው፤ አደራ ነው» እላለሁ።

ባለፈው ስልክ ስንነጋገር ስለዚያ ሰውዬ ጠየቅኋቸው፤ በዚያች ሌሊት ሕፃን ስለነበሩት፣ ዛሬ ግን ሽማግሌ ስለሆኑት ሰው።

«ደኅና ናቸው» አሉኝ አክስቴ። «ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚጠይቁኝ።»

«ምን ይላሉ?»

«መንገዱ ተከፈተ ወይ ይላሉ።»